የድሬ ልጆች የራሳችን ቅርንጫፍ ይኑረን ወይስ በሐረር ሥር እንቀጥል?

የከዚራዋ (ርዕሱን የከፈተች) · ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ነገር ቡና ላይ ብቻ እየተወራ ሰነበተ። እዚህ ይውጣና በግልጽ እንነጋገርበት።

አዲስ ለሆናችሁ፦ ማኅበራችን የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ሐረር በልብስ፣ በገበያ፣ በዕደ ጥበብና በእንጨት ሰይፍ ጨዋታ ሕይወት እየዘራበት የሚያሳይ ነው። የተጀመረው ጁገል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሐረር ልጆች ብቻ ነበሩበት። ዛሬ ግን ከአባላቱ ብዙዎቻችን የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንለማመዳለን። መዋጮም እዚሁ እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ነገር የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ገንዘቡ ሐረር ይገባል። ልብሱ ሐረር ይቆለፋል። ውሳኔውም ሐረር ነው።

አንድ የድሬ ትምህርት ቤት ለባህል ቀን ጋብዞን ነበር። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ ፈቃድ እስኪሰጥ፣ ልብሱ ሚኒባስ ላይ እስኪጫን ቀኑ አለፈ። ልጆቹ ሲጠብቁን ዋሉ። አንዷ ተማሪ ከካርቶን የጁገልን በር ሠርታ፣ በቡናማ ቀለም ቀብታ፣ እኛ የምንገባበት ብላ ደጃፉ ላይ አቁማው ነበር። መምህሯ ፎቶውን ላከችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ ነገር እንቅልፍ የነሳኝ።

ከማኅበሩ እንውጣ አላልኩም። የድሬ ቅርንጫፍ ይቋቋም ነው የምለው። የራሱ ሰብሳቢ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ፣ የራሱ ልብስ፣ የራሱ ዓርማ ይኑረው። ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን07 · ሰኞ ማታ 2፡52

አቦ ተናገርሽልን! ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

አምስት በር · ሰኞ ማታ 4፡15

እህቴ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ከልቤ አዝኛለሁ። ያ መሆን አልነበረበትም። ኮሚቴው ውስጥ ስላለሁ እኔንም ይመለከተኛል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምናሳየው ምንድን ነው? ጁገልን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሚር ኑር ያሠሩትን ግንብ ነው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ እነዚህ አምስቱ ናቸው የሥራችን መነሻ። ድሬዳዋን በጣም እወዳታለሁ፣ ሚስቴም የድሬ ልጅ ናት። ግን ድሬ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ነው። የራሷ ቅርንጫፍ ሲኖራት የየትኛውን መካከለኛ ዘመን ልታሳይ ነው?

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይከብደኛል። ይህ ልብስ ለእኛ የመድረክ ልብስ አይደለም። እናቴ ዛሬም ለሠርግ ትለብሰዋለች። የምናሳየው ቤት አክስቴ የምትኖርበት ቤት ነው። ነደባው (መደቡ) ላይ ሰው ይቀመጥበታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሙዳይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ሁሉም እንደመሰለው መሥራት ይጀምራል። ያን ጊዜ ማን ይቆጣጠራል? ቁልፉን አጥብቀን የያዝነው ለክፋት አይደለም።

ሳቢያን07 · ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ወንድሜ አምስት በር፣ ድሬ የባቡር ልጅ መሆኗ እውነት ነው። እኛም እንኮራበታለን። ነገር ግን መሬቱ ባቡሩን ሲጠብቅ ባዶውን አልተቀመጠም።

ሃርላን እንዴት ረሳኸው? ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ በዚያው በኩል አይደል ያለው? የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን ከእኛ አገር ባለሙያዎች ጋር ቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣውን ዓለም ሁሉ ጽፎታል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኘ። ከግብፅ የመጣ ሳንቲም፣ ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎል፣ ብዙ የመስታወት ዶቃ ተገኘ። ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቦታም አለ። የአካባቢው ሰው ከድሮም ድንጋዮቹን አይቶ፣ ‹‹ይህን ያነሱት ግዙፍ ሰዎች ናቸው›› ይል ነበር።

የ12ኛው ክፍለ ዘመን ማለት እኮ ከጁገል ግንብ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል። ሐረር የአዳል መቀመጫ የሆነችውም እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። ስለዚህ ድሬዎች የሐረርን እንኮርጅ አላልንም። ነጋዴ እንሁን፣ አንጥረኛ እንሁን፣ ዶቃ እንብሳ፣ ግመል እንጫን ነው የምንለው። ከዘይላ ወደብ እቃ ይዞ የመጣው ሲራራ ነጋዴ ሐረር ከመድረሱ በፊት ይህን ሙቀት አቋርጦ ነው የሚወጣው። ይኸው የእኛ ታሪክ።

ከቶሮንቶ · ማክሰኞ ከሰዓት 9፡05

ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አሁን ቶሮንቶ ነኝ፣ እናንተን ግን በየቀኑ አነባለሁ። የምላችሁ ነገር ስላለኝ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እዚህ አንድ ትልቅ የመካከለኛው ዘመን ማኅበር አለ። ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም ይባላል፣ ሰው ኤስሲኤ ይለዋል። እኔም እሳተፋለሁ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 1966 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ጓሮ ላይ በተደረገ ድግስ ነው። ስም እንኳ ያወጡት በኋላ ነው፤ መናፈሻ ለመጠቀም ፈቃድ ሲጠይቁ የማኅበር ስም ስላስፈለጋቸው። የሚሠሩት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ያለውን ዘመን ነው።

ዛሬ 20 መንግሥታት አሉት። መንግሥት ስላችሁ ንጉሥና ንግሥት አለው ማለቴ ነው። ዘውዱ የሚገኘው በፍልሚያ ውድድር በማሸነፍ ነው፤ ሰይፉ ከብረት አይደለም፣ ከራታን ዘንግ ነው። ብዙ ቦታ ስድስት ወር ይነግሡና ለተተኪው ያስረክባሉ። ሰው ከውጭ ሲያይ ዘውዱን ነው የሚያየው። ማኅበሩን ያቆየው ግን ከዘውዱ በታች ያለው አደረጃጀት ነው። ለእናንተም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ትንሹ ቅርንጫፍ ሻየር ይባላል። አምስት አባል ካለ ይጀመራል። ተጠሪነቱ በቀጥታ ለመንግሥቱ ነው። ሰው ሲበዛና 25 ሲደርስ ባሮኒ ወደሚባለው ማደግ ይችላል። በባሮኒ ሥር ደግሞ ካንተን የሚባል አለ። ካንተን የራሱ ሰብሳቢ አለው፣ ልምምዱንም ራሱ ያካሂዳል። ሪፖርቱ ግን የሚያልፈው በባሮኒው በኩል ነው። ከዚያ በላይ ልዑልና ልዕልት ያለው ፕሪንሲፓሊቲ ይመጣል፣ ከዚያ መንግሥት። ማንም ዘሎ ላይ አይወጣም። ሰው እንዳለህ፣ ሹማምንትህ ሥራቸውን እንደሚሠሩ፣ ሒሳብህ እንደማይዛነፍ ታሳያለህ። ላይኛውን ደረጃ የሚያጸድቀው የዳይሬክተሮች ቦርዱ ነው።

እኔ ያለሁበት ኦንታሪዮ ኤልዶርሚር ይባላል። ቀድሞ መሐል አሜሪካ ባለው ሚድል ኪንግደም ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ራሱን የቻለ መንግሥት ሆነ። ሰዉ ቀይና ነጭ ይለብሳል፣ ተኩላ ይስላል፣ ዘፈን ይገጥማል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደግሞ ሎካክ ናቸው። ካሊፎርኒያ በነበረ ዘውድ ሥር ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው መንግሥት የሆኑት። ውቅያኖስ ማዶ ያለ ንጉሥ የሲድኒን የልምምድ ሜዳ ምኑን ያውቀዋል? የካናዳው አልበርታና አካባቢውም አን ቲር ከሚባለው ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2015 አቫካል ሆነ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለው ቲር ራይ ግን እስካሁን በአን ቲር ሥር ፕሪንሲፓሊቲ ሆኖ ይኖራል። የራሱ ልዑል አለው፣ የራሱ ዓርማ አለው፣ ከታላቁ ጋርም አለ። ስለዚህ ምርጫው መውጣት ወይ ተጠቅልሎ መቀመጥ ብቻ አይደለም።

የከዚራዋ እህቴ፣ የአንቺ ጥያቄ በእነሱ አነጋገር ካንተን ነው ወይስ ሻየር? ሪፖርታችሁ በሐረር በኩል ይለፍ ነው ወይስ ሐረርም ድሬም እኩል ሆናችሁ ከላይ አንድ የጋራ ጉባኤ ይኑር? ውይይቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። ሁለቱን ከቀላቀላችሁ ትጣላላችሁ።

(በእነሱ ካርታ ሐረርና ድሬ የት እንዳሉ ታውቃላችሁ? ድራከንቫልድ የሚባለው መንግሥት አውሮፓን፣ አፍሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የተመሠረተው። እንግዲህ በወረቀት ሁላችንም የዚያ ዜጎች ነን።)

የከዚራዋ · ማክሰኞ ከሰዓት 10፡20

ወንድሜ ከቶሮንቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ተደርጎ ሲቀርብ ነገሩ ጠራልኝ።

እኔ የምፈልገው እኩል መሆንን ነው። ግን በአንድ ሌሊት አይደለም። መጀመሪያ በሐረር ሥር ሆነን፣ የራሳችን ገንዘብ ያዥ ይዘን፣ ሁለት ሦስት ዝግጅት በራሳችን አዘጋጅተን እንታይ። ከተሳካልን ጉባኤው እኩል ያድርገን። ደረጃው ግን ከአሁኑ በወረቀት ይጻፍ። ‹‹ስትደርሱ እናያለን›› የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ምን ስናሟላ ነው የደረስነው የምንባለው? አባል ስንት? ሒሳብ እንዴት? ይህ ካልተጻፈ መድረሳችንን የሚወስነው በዚያ ሰሞን ኮሚቴ ላይ ያለው ሰው ስሜት ይሆናል።

ሒሳብ ወዳዱ · ማክሰኞ ማታ 1፡10

ለረጅም ጊዜ የእድር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሰው ስለ ዓርማና ስለ ሰይፍ ሲያወራ እኔ የምጠይቀው ሣጥኑ የት ነው ብዬ ነው።

የድሬ ሰው የሚያዋጣው ገንዘብ ድሬ ለሚደረግ ነገር መዋል አለበት። ሁሉም ይዋል አላልኩም። የተወሰነ እጅ ለጋራው ይሂድ፣ ምክንያቱም የጋራ ወጪ አለ። ቀሪው ግን ድሬ በሚከፈት ሒሳብ ይቀመጥ፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ። በየሦስት ወሩ ሁለቱም ሒሳባቸውን እዚህ ለአባላት ይለጥፉ። ቅርንጫፍ ሆናችኋል ተብሎ አንድ ኳስ ሜዳ ለመከራየት ደብዳቤ መጻፍ ካለባችሁ፣ የተሰጣችሁ ስም ብቻ ነው።

ከቶሮንቶ · ማክሰኞ ማታ 1፡48

ኤስሲኤም ሁለት ፊርማ ነው የሚለው። ንጉሥ ስለሆነ ብቻ ማንም ብቻውን ከባንክ አያወጣም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሪፖርቱም ወደ ላይ ይሄዳል።

የመኪና ግርግሩ · ረቡዕ ጠዋት 3፡00

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ነው የምሠራው። የማኅበሩን ልብስ አብዛኛውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለ አስተዳደሩ እናንተ ተነጋገሩ፣ እኔ ስለ ልብሱ ልናገር።

ባለፈው ድሬ የሄደው ባለ ገበሩ ካባ ሲመለስ አየሁት። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ነው የመጣው። አወዳይ ላይ የጫት ጆንያ ተጫነበት። የወርቅ ክሩ ተተለተለ፣ ትከሻው ላይ አረንጓዴ ውኃ ፈሰሰበት። ገበሩ በላብ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኖ ነበር። ያን ካባ ስሰፋ የሐረርን ብርድ አስቤ ነው። ድሬ እኮ ከሐረር በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ቀትር ላይ ያን የለበሰ ልጅ ራሱን ቢስት አይገርመኝም።

ድሬዎች የራሳቸው ልብስ ይኑራቸው። ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ሰፋ ያለ እጀ ጠባብ፣ ሽርጥ፣ ጥምጣም። የቆላ ነጋዴ እንዲህ ነው የሚለብሰው። ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ እሰፋላችኋለሁ፣ ልኩን እዚያው መጥቼ እወስዳለሁ። የሐረሩ ካባ ግን ከሐረር አይውጣ፣ እባካችሁ።

ሳቢያን07 · ረቡዕ ጠዋት 3፡12

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ሽርጥና ጥምጣም ካልክ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ ነኝ!

የነደባ ልጅ · ረቡዕ ከሰዓት 8፡30

ሁላችሁንም አነበብኩ። ጁገል ውስጥ ያደግኩ ሐረሪ ነኝ።

ወንድሜ አምስት በር ልብሱ የእናቱ እንደሆነ ተናግሯል። እውነቱን ነው። ግን የሴቶቹን ልብስ የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ስንት ሴት አለ? አንድም የለም። ጌይ ገናፊው (የሴቶቹ ሱሪ) እንዴት እንደሚታሰር፣ የሙሽራ የትኛው እንደሆነ፣ የአሮጊት የትኛው እንደሆነ፣ ፀጉር በጉፍታ እንዴት እንደሚያዝ ወንዶች ተሰብስበው ወሰኑ። አንድ ጊዜ ያላገባች ልጅ ያገባች ሴት አያያዝ ተይዞላት ወጣች። አያቴ ቆማ አየች። ምንም አልተናገረችም፣ ወደ ቤት ገባች። እኔ ግን የዚያን ቀን ፊቷን አልረሳውም።

ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው ሐረር ወይስ ድሬ ብቻ አይደለም። ራስን ማስተዳደር ካላችሁ፣ ጥጋጥጉን ሁሉ እንየው። የሐረሪ ሴት ልብስና ሥርዓት የምታውቀው ሴት ትወስን። በአፎቻችን (እንደ እድር ባለው መረዳጃችን) እናቶቻችን የሠርጉንም የለቅሶውንም ነገር ለወንዶቹ ሳይሰጡ ራሳቸው ነው የሚመሩት። የሴቶች አፎቻ አለ፣ የወንዶች አፎቻ አለ፣ አንዱ ሌላውን አያዝም። ይህ ከካሊፎርኒያ የመጣ ሐሳብ አይደለም፣ ከግንቡ ውስጥ ነው ያለው።

ድሬ ቅርንጫፍ ይኑራት፣ ደስ ይለኛል። የሐረሪ ሙሽራ ማሳየት ከፈለጉ ግን መጥተው ይጠይቁን። ሐረር ያለው ኮሚቴም እንደዚሁ ይጠይቀን።

አምስት በር · ረቡዕ ማታ 12፡50

እህቴ የነደባ ልጅ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ነሽ። በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ፤ የሴቶች ክፍል ይቋቋም፣ በልብሱና በሥርዓቱ ላይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ይሁን።

ሌላም ነገር ታየኝ። እስከ አሁን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን ነው የተከራከርነው። አንዱ ገንዘብ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ዝግጅት ነው። ይህን ድሬ ያለው ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቃል፣ ይውሰደው። ሌላው ደግሞ የሰው ቅርስ ነው። ቅርሱን የሚወስነው ኮሚቴም ቅርንጫፍም መሆን የለበትም፣ ባለቤቱ ነው። የካሊፎርኒያ ሰው የባላባት ልብስ ቢለብስ ያ ባላባት ከሞተ ስንት መቶ ዓመት ሆነው፣ የሚከፋው አያት የለም። እኛ ጋ አያቷ ቆማ ታያለች።

ሐረማያ ግቢ · ረቡዕ ማታ 2፡05

እኛስ? ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያለን ጥቂት ልጆች አለን። ግቢያችን መሐል መንገድ ላይ ነው። ሐረር ብንሄድ ይቀርበናል፣ ጓደኞቻችን ግን ድሬ ናቸው። ቅርንጫፍ ሲከፈል ድንበሩ የት ነው የሚሰመረው?

ከቶሮንቶ · ረቡዕ ማታ 4፡30

ኤስሲኤ አሜሪካ ውስጥ ድንበሩን የሚያሰምረው በፖስታ ቁጥር ነው። የምትኖርበት ሰፈር ቁጥር የየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆንክ ይናገራል። ነገር ግን ያ ለመዝገብ ነው እንጂ እግርህን አያስረውም። ሰው ጎረቤት ሄዶ ይለማመዳል፣ የሌላ መንግሥት ድግስ ላይ ይሠራል፣ ማንም አይከለክለውም።

የእኛ አገር የፖስታ ቁጥር ለዚህ አይሆንም። እኔ ብሆን ተማሪው ራሱ ይምረጥ እላለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ይመዝገብ፣ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ነው። ልምምዱን የፈለገበት ያድርግ።

ደንገጎ ላይ · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

የሕግ ሰው ነኝ። ማንም ያላነሳው ነገር አለ።

ሐረር ክልል ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቱ ለፌዴራል የሆነ የከተማ አስተዳደር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠሩትን ይመለከታል። ስለዚህ ሐረር ውስጥ ብቻ በክልሉ የተመዘገበ ማኅበር ድሬ ላይ ቅርንጫፍ ልክፈት ሲል ምዝገባው ወደ ፌዴራሉ ባለሥልጣን ይሄዳል። ይህ የሚያስፈራ አይደለም፣ ብዙ ማኅበር አድርጎታል። ግን መተዳደሪያ ደንቡ መሻሻል አለበት። ቅርንጫፍ የሚል አንቀጽ በደንቡ ከሌለ፣ እዚህ የተስማማችሁት ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ደንቡ ሲጻፍ ሦስት ነገር በግልጽ ይቀመጥ። ቅርንጫፉ ያለማንም ፈቃድ የሚወስነው ምንድን ነው? ጉባኤውን ጠይቆ የሚወስነውስ? ከተጣላን ማን ይዳኘናል? መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም አሁን ፍቅር ነን።

ዋሪያ ድሬ · ሐሙስ ጠዋት 4፡00

እኔ ሰይፉን ነው የምወደው። ከተለያየን አይቀር በዓመት አንድ ጊዜ ሐረርና ድሬ ይግጠሙ! ዩቲዩብ ላይ ፔንሲክ የሚባል አየሁ፣ ሜዳው ሙሉ ጋሻ ነው። እኛም የሽምብራ ኩሬን ጦርነት ብናደርግስ? ወይም ወይና ደጋን?

ከቶሮንቶ · ሐሙስ ከሰዓት 9፡40

ዋሪያ፣ ስሜትህ ገብቶኛል። ፔንሲክ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚደረግ የኢስትና የሚድል መንግሥታት ግጥሚያ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው፣ ከ10,000 በላይ ሰው ድንኳን ተክሎ ይሰፍራል። የተሸነፈው ፒትስበርግን ይወስዳል የሚል የቆየ ጨዋታ አላቸው።

ግን አንድ ነገር አስተውል። እነሱ አንድም እውነተኛ ጦርነት አይደግሙም። ቫይኪንግ ከጃፓን ሳሙራይ ጎን ይሰለፋል። ማንም ሰው በታሪክ የነበረ ንጉሥ ነኝ ማለት አይፈቀድለትም፤ የራስህን ሰው ትፈጥራለህ፣ በዚያ ዘመን ሊኖር ይችል የነበረ ሰው። ይህን ደንብ እንዳለ ብንወስደው ደስ ይለኛል። ሽምብራ ኩሬ እ.ኤ.አ. በ1529፣ ወይና ደጋ በ1543 ነው የሆነው። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን ዛሬም ስታነሳው ሰው ድምፁ ይቀየራል። ከአባላቶቻችን ሙስሊም አለ፣ ክርስቲያን አለ፣ በአንድ ትሪ እየበላን ነው። ማን ኢማሙን ይሁን፣ ማን አፄውን ይሁን ተባብለን ልጅ ፊት ልንሞት ነው? እኔ አልፈልግም።

የነደባ ልጅ · ሐሙስ ከሰዓት 10፡02

እኔም አልፈልግም። ግጥሚያው ይኑር፣ የማንም ጦርነት ግን አይሁን።

አምስት በር · ሐሙስ ከሰዓት 10፡15

ይህ ለሁለቱም ቅርንጫፍ በደንቡ ይግባ። የነበረ ጦርነት አይሠራም፣ የነበረ መሪ ሆኖ መጫወት አይቻልም። ግጥሚያው የሐረር ሠፈርና የነጋዴው ሠፈር ይሁን፤ ያሸነፈው ድግሱን ይደግስ።

ዋሪያ ድሬ · ሐሙስ ከሰዓት 10፡18

እሺ አቦ፣ ተቀብያለሁ። ግን ድግስ ካለ እንሸነፋለን እንዴ?

ሳቢያን07 · ሐሙስ ማታ 1፡25

የዓርማውን ነገር ማንም አልነካውም። እኔ መጀመሪያ ባቡር አስቤ ነበር። ለገሃሬ የእኛ ልብ ናት። ግን ዘመኑ አይፈቅድም። አሁን የሃርላ ዶቃ ይሻላል ብያለሁ። አንድ ቀይ ዶቃ፣ በነጭ መደብ። ልጅም ይስለዋል።

ከቶሮንቶ · ሐሙስ ማታ 4፡10

ኤስሲኤ ውስጥ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዓርማ ላይ የሎረል ቅጠል አክሊል መኖር አለበት። መንግሥት ሲሆን ዘውድ ይጨመራል። ከሩቅ ስታየው የአንድ ማኅበር ልጆች እንደሆኑ ታውቃለህ፣ ቀሪው ግን የራሱ ነው። እናንተም ሁለታችሁም ዓርማ ላይ የምትጋሩት አንድ ምልክት ይኑር።

አምስት በር · ሐሙስ ማታ 4፡22

የጋራው የበሩ ቅስት ይሁን። ድሬዎች በቅስቱ ውስጥ ዶቃውን ያስገቡ።

የከዚራዋ · ዓርብ ጠዋት 2፡00

ሳነብ አደርኩ። ጋሽ ደንገጎ ባሉት መሠረት ለደንቡ የሚሆን ረቂቅ ጀምሬያለሁ። እስካሁን የተስማማንበትን አስገብቻለሁ፦ ድሬ ለጊዜው በሐረር ሥር ቅርንጫፍ ትሆናለች። የራሷ ሒሳብ በሁለት ፊርማ ይኖራታል። ዝግጅትና ቀን ራሷ ትወስናለች። አባሎቿ 25 ሲደርሱና ዓመት ሙሉ ሒሳቧ ካልተዛነፈ በጉባኤው እኩል ድምፅ ታገኛለች። የሐረሪ ሴቶች ልብስና ሥርዓት በሴቶች ክፍል እጅ ነው፣ ለሁለቱም። የነበረ ጦርነት አይሠራም። የሐረማያ ልጆች ይመርጣሉ።

ያልተስማማንበት ለጋራው የሚሄደው መዋጮ ነው። ሒሳብ ወዳዱ አንድ አራተኛ ይላሉ፣ እኔ አንድ አምስተኛ ብያለሁ። ሽምግልና የሚቀመጡትም ገና አልተመረጡም።

እሑድ ሐረማያ እንገናኝ፣ ለሁሉም መሐል ነው።

ሒሳብ ወዳዱ · ዓርብ ጠዋት 2፡35

አንድ አራተኛ ያልኩት የልብስ ጥገናው ከጋራው ስለሚወጣ ነው። የመኪና ግርግሩ ሰው የድሬን ልብስ ለብቻ ከሰፉ ወጪው ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ አንድ አምስተኛ ይበቃል። እሑድ የሦስት ዓመቱን ደረሰኝ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንደምረው።

የነደባ ልጅ · ዓርብ ጠዋት 3፡10

እኔና ሁለት እናቶች እንመጣለን። የመጀመሪያው አጀንዳ የሴቶች ክፍል ይሁን፣ ከዚያ በኋላ የቀረው።

የመኪና ግርግሩ · ዓርብ ጠዋት 3፡40

ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። ልክ የሚወሰድላችሁ ቀጭን ልብስ ለብሳችሁ ኑ። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ቀን ይሰጠን እንደሆነ አንድ ሰው ደውሎ ይጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ልብሶች ለዚያ አደርሳለሁ።

የከዚራዋ · ዓርብ ጠዋት 3፡52

ጋሼ፣ እኔ ዛሬውኑ እደውላለሁ።